ቬነስ ስንት ስም አላት? ከብሔራዊ ቲያትር ጀርባ የገዛሁት የፕላኔቶች ቻርት

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር። ቻርቱ ይገዛል። 480 ብር ነው፤ ያወጣል። ስትገዙ ግን ለአማርኛው ዓምድ የተዘጋጀውን ስቲከር አብራችሁ ጠይቁ። ያለ እሱ ቻርቱ ለእኛ ልጆች ጎዶሎ ነው። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ቻርቱ የፕላኔቶች ስም ቻርት ነው። 1 ሜትር በ70 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ባነር በሚታተምበት ሸራ ላይ ነው የታተመው። ከላይ ፀሐይና ፕላኔቶቹ ተስለዋል። እንዲህ ያለ ሥዕል በየስቴሽነሪው ሞልቷል። ይሄኛውን የሚለየው ከሥዕሉ ሥር ያለው ሰንጠረዥ ነው። ስምንቱ ፕላኔቶችና ፕሉቶ በረድፍ ተቀምጠዋል። ወደ ጎን ደግሞ ስድስት ቋንቋ አለ፦ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ግሪክ፣ ዐረብኛ፣ ሂንዲና ቻይንኛ። እያንዳንዱ ስም በራሱ ፊደል ተጽፏል። ከሥሩ ንባቡ በእኛው ፊደል አለ። ከንባቡ ሥር ደግሞ ስሙ ከየት እንደመጣ፣ የማን አምላክ ስም እንደሆነ በአንድ መስመር ተነግሯል።

እኔ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት 6ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። የክፍሌን ግድግዳ የማለብሰው አብዛኛውን ጊዜ ከራሴ ኪስ አውጥቼ ነው። ስለዚህ ቻርት ስገዛ እያንዳንዱን ፊደል አነባለሁ። ብዙ ጊዜ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። አንዱ ላይ ሳተርን ቀለበት የለውም። ሌላው ላይ “ፕላኔት” የሚለው ቃል ራሱ ተገድፏል። ይሄኛውን ሳየው ግን ቆሜ ቀረሁ።

ሱቁ ከብሔራዊ ቲያትር ጀርባ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ፎቶ ኮፒ፣ ማኅተም፣ ላሚኔሽን፣ ደብተርና እስክሪብቶ ሁሉም አንድ ላይ ነው። በጣም ጠባብ ነው። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይጠብቃል። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ቻርቱን ለማየት ስጠይቃቸው ጠረጴዛቸውን ጠርገው ዘረጉልኝ። “ቲቸር፣ ተረጋግተሽ አንብቢው። ካልወደድሽው ጠቅልዬ እመልሰዋለሁ፤ ቅር አይለኝም” አሉኝ። ገና ሳይከፈለው ጥቅል ፈትቶ የሚዘረጋ ነጋዴ አሁን ብዙ አይገኝም። ወንበር ሰጡኝ፤ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። ማንም ቶሎ በይ አላለኝም።

ከሁሉም የሚያምረው የቬነስ ረድፍ ነው።

እንግሊዝኛው የሮማውያንን የፍቅርና የውበት እንስት አምላክ ስም ይዟል። ግሪኩ አፍሮዲቲ ይላታል። እሷም የፍቅር አምላክ ናት፤ ግሪኮች ግን የራሳቸውን ስም አልለቀቁም። ዐረብኛው ዙህራ ነው። ከብርሃንና ከድምቀት ጋር የተያያዘ ስም ነው። ሂንዲው ሹክራ ይላል። ሹክራ ወንድ ነው። በሕንድ ጥንታዊ ተረት የአማልክት ባላጋራ የሆኑት የአሱራዎች መምህር ነው። ዓርብ ቀን በሂንዲ የሚጠራው በእሱ ስም ነው፤ ሹክራቫር ይባላል። ቻይንኛው ጂንሺንግ ነው፤ የወርቅ ወይም የብረት ኮከብ ማለት። ቻይናዎች በዓይን ለሚታዩት አምስት ፕላኔቶች የአምላክ ስም አልሰጡም። የአምስቱን ባሕርያት ስም ነው ያከፋፈሏቸው። ሜርኩሪ ውሃ፣ ቬነስ ብረት፣ ማርስ እሳት፣ ጁፒተር እንጨት፣ ሳተርን አፈር።

ክፍል ውስጥ በሰቀልኩት ዕለት አንዲት ተማሪዬ እጇን አወጣች። “ቲቸር፣ እና ቬነስ ሴት ናት ወንድ?” አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄዋን ወደድኩት። ሰማይ ላይ ያለው ብርሃን አንድ ነው። ሮማ ላይ ሴት ነው፣ ሕንድ ላይ ወንድ ነው፣ ቻይና ላይ ወርቅ ነው። ባቢሎን ላይ ኢሽታር የምትባል እንስት አምላክ ነበረች። ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በደቡብ ዐረቢያ፣ ዐትተር የሚባል ወንድ አምላክ ነበር። ኢሽታርና ዐትተር ከአንድ ሥር የበቀሉ ስሞች ናቸው። ያው ስም አክሱምም ደርሷል። በዔዛና ዘመን፣ ንጉሡ ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት በተቀረጹ ጽሑፎች ላይ ዐስተር ተብሎ ተጽፏል። ተመራማሪዎች ይሄን ዐስተርን ከደቡብ ዐረቢያው ዐትተር ጋር፣ በእሱም በኩል ከቬነስ ጋር ያያይዙታል።

ተማሪዬ ለጊዜው “እንደሚጠራት አገር ነው” በሚል መልስ ረካች። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ግን አልረካም። “አያቴ በከልቻ ትለዋለች” አለ። አያቱ ሱሉልታ ናቸው። በከልቻ በኦሮምኛ የንጋቱ ኮከብ ነው። “እሱ ሲወጣ ነው የምትነሣው” ብሎ ጨመረ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ አልተያዘም። አንዷ ኮከበ ጽባሕ አለች፤ እኅቷ እዚያ ትምህርት ቤት ስለምትማር። ሌላው አጥቢያ ኮከብ አለ፤ ከኢሳይያስ 14 ላይ ሰምቶት ነው። እዚያ ምዕራፍ ላይ የወደቀው የንጋት ልጅ አጥቢያ ኮከብ ተብሎ ይጠራል። ራእይ 22 ላይ ደግሞ ክርስቶስ ራሱን የሚያበራ የንጋት ኮከብ ይላል። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ያው ስም ለወደቀውም ለከበረውም ተሰጥቷል። የጥንት ግሪኮች ደግሞ በአንድ ወቅት ንጋት ላይ የሚታየውን ፎስፎሮስ፣ ምሽት ላይ የሚታየውን ሄስፐሮስ ይሉት ነበር። ኋላ ነው ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ያወቁት።

ሳይረሳኝ አንድ ነገር ልጨምር። ቬነስ ላይ ያሉ ተራሮችና ሸለቆዎች ከጥቂቶቹ በስተቀር በሴት ስም ነው የሚጠሩት። ኮሮና የሚባሉ ትልልቅ ክብ ቅርጾች አሉ። እነሱ የልምላሜና የመራባት እንስት አማልክትን ስም ይይዛሉ። ከነሱ አንዱ አቴቴ ይባላል። የእኛዋ አቴቴ፣ የኦሮሞዋ። ይሄን ቻርቱ ላይ አታገኙትም፤ ለክፍል ግን ከዚህ የተሻለ ወሬ የለም።

ሌላው የወደድኩት ነገር የስሞቹ ዝምድና ነው። ቻርቱ ከማርስ ጀምሮ ወደ ውጭ ቀጭን ቀይ መስመር አስምሮበታል። ማርስ የጁፒተር ልጅ ነው። ጁፒተር የሳተርን ልጅ ነው። ሳተርን የዩራነስ ልጅ ነው። ልጅ፣ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት። ሰባት ቤት መቁጠር የለመደ ልጅ ይሄን አንድ ጊዜ ሰምቶ አይረሳውም። የፕላኔቶቹን ቅደም ተከተል ያለ ምንም ሽምደዳ ያዙት።

ዝምድናው እንዲሁ የመጣ አይደለም። ዊልያም ኸርሸል ዩራነስን ያገኘው በ1781 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በእንግሊዙ ንጉሥ በጆርጅ 3ኛ ስም እንዲጠራ ፈልጎ ነበር። ሌሎች አገሮች አልተቀበሉትም። ጀርመናዊው ዮሐን ቦደ ነው “ዩራነስ ይባል” ያለው። የጁፒተር ቀጣይ አባቱ ሳተርን ከሆነ፣ የሳተርንም ቀጣይ አባቱ ይሁን ከሚል ሐሳብ ነው።

እዚህ ላይ ቻርቱ ስሕተት አለበት። የእንግሊዝኛውን ዓምድ “የሮማውያን አማልክት” ብሎ ነው የሰየመው። ዩራነስ ግን የግሪክ ነው። ሮማውያን የሰማይን አምላክ ካኤሉስ ነበር የሚሉት። ከስምንቱ ፕላኔቶች የግሪክ አምላክ ስም የያዘው እሱ ብቻ ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ልጅ ግን ግድግዳ ላይ ያየውን ያምናል።

ሌላም አለ። በኔፕቲዩን ረድፍ የግሪኩ ፊደልና ከሥሩ ያለው ንባብ አይገናኙም። ንባቡ “ኔፕቱን” ይላል። እኔ ግሪክ አላነብም። የመጀመሪያው ፊደል ግን ከሒሳብ የምናውቀው ትልቁ ፓይ ነው። ስለዚህ “ኔ” ብሎ ሊጀምር አይችልም። ትክክለኛው ፖሲዶናስ ነው፤ የግሪኮች የባሕር አምላክ።

ከእርማቱ ባሻገር የኔፕቲዩንን ረድፍ በደንብ እዩት። በጣም የሚያስተምር ረድፍ ነው። ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ማርስ፣ ጁፒተርና ሳተርን ያለ መሣሪያ ይታያሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የራሱን ስም ሰጥቷቸዋል። ኔፕቲዩን ግን በ1846 በርሊን ላይ በቴሌስኮፕ ነው የተገኘው። የፈረንሳዊው ለ ቬሪዬ ስሌት የት እንዳለ አሳየ፣ ዮሐን ጋለ አየው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቋንቋ መወሰን ነበረበት። ዐረብኛ የመጣውን ስም ተቀብሎ ነብቱን አለው። ግሪክ የባሕር አምላኩን የራሱን ስም መለሰለት። ቻይንኛ ፍቺውን ወስዶ ሃይዋንግሺንግ አለው፤ የባሕር ንጉሥ ኮከብ። ሂንዲ ከራሱ አማልክት መካከል የውሃውን ጌታ ቫሩንን መረጠ። አንድ ሰማያዊ ፕላኔት ነው፤ አራት ዓይነት መፍትሔ ተገኘለት። ቻርቱ ላይ ባይኖርም የዕብራይስጡን ልንገራችሁ። እስራኤሎች ለዩራነስና ለኔፕቲዩን የዕብራይስጥ ስም ያወጡት በ2009 ነው፤ ያውም ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ። ዩራነስ ኦሮን፣ ኔፕቲዩን ራሃብ ሆነ። ይሄ ራሃብ በብሉይ ኪዳን የሚጠቀሰው የባሕር አውሬ ነው። ጊዜው አልፏል ብለው አልተዉትም።

የፕሉቶ ረድፍ ደግሞ የልጆቼ ረድፍ ነው። ስሙን በ1930 ያቀረበችው ቬኔሺያ በርኒ የምትባል የኦክስፎርድ ልጅ ናት። ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። የእኔ ተማሪዎች እኩያ ማለት ነው። ይሄን ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። ሂንዲው ያም ይለዋል፤ የሙታን ጌታ። ቻይንኛውም በራሱ መንገድ የሙታን ዓለም ንጉሥ ኮከብ ይለዋል። በ2006 ከፕላኔትነት መዝገብ ቢወጣም ስሙ ግን አልተነካም።

አሁን ወደ አማርኛው ዓምድ ልምጣ። ሆድ ያስባሰኝ እሱ ነው።

ስሞቹ ራሳቸው ችግር የለባቸውም። ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ማርስ፣ ጁፒተር። መማሪያ መጽሐፉም እንዲሁ ነው የሚለው፤ ልጆቹም ፈተና ላይ እንዲሁ ነው የሚጽፉት። ግን በጁፒተር ረድፍ ከስሙ ሥር ያለችውን መስመር አንብቡ። ግሪኩ ሥር “የነጎድጓድ አምላክ” ይላል። ሂንዲው ሥር “የአማልክት መምህር” ይላል። አማርኛው ሥር “ከእንግሊዝኛ የተወሰደ” ይላል። ቀጥሎም “ከእንግሊዝኛ የተወሰደ”። ከመሬት በቀር እስከ ታች ድረስ እንዲሁ ነው። አንድ ልጅ ይሄን ሲያይ ምን ይላል? ሁሉም ሰማይ ነበራቸው፣ እኛ ግን ቀና ብለን አይተን አናውቅም ነው የሚለው።

እውነቱ እንዲህ አይደለም። የቀድሞ ሊቃውንት ዙሐል፣ መሽተሪ፣ መሪኅ፣ ዝሁራና አጣርድ የሚሉ ስሞች ነበሯቸው። ዙሐል ሳተርን ነው። መሽተሪ ጁፒተር፣ መሪኅ ማርስ፣ ዝሁራ ቬነስ፣ አጣርድ ሜርኩሪ። ከዐረብኛ የመጡ ናቸው፤ በግእዝ ፊደል ተጽፈው ኖረዋል። እዚያው ቻርት ላይ፣ ሦስት ዓምድ ርቀት ላይ፣ የዐረብኛው ስም ተቀምጦ ዘመዱን ማንም ልብ አላለውም። የኮከብ ቆጠራውን ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ ሁሉም ሰው ያውቃል። “ኮከብሽ ምንድን ነው?” ሲባል አሰድ ወይ ሚዛን ብለን እንመልሳለን። እነሱም የመጡት በዚያው መንገድ ነው። የሥራ ባልደረባዬ አባት መሪጌታ ናቸው። ቻርቱን በስልክ ፎቶ አንሥተን ልከንላቸው ነበር። ደውለው አምስቱን ስም በቃላቸው አወረዱት። ከዚያ “ልጆቹ ይሄን ይወቁ እንጂ” አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጭት ነበረበት።

ሁለተኛው ነገር መጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ አለ። ግሪኩ ዓምድ ላይ ጁፒተር “ዲያስ” ተብሎ ተጽፏል፤ ሜርኩሪ ደግሞ “ኤርሚስ”። ሳነበው የሆነ ቦታ የማውቀው ስም መሰለኝ። ቤት ገብቼ ሐዋርያት ሥራ 14ን ገለጥኩ። ጳውሎስና በርናባስ ልስጥራ ላይ ሽባውን ሰው ከፈወሱ በኋላ ሕዝቡ አማልክት ወረዱ ብሎ ጮኸ። በርናባስን ድያ አሉት። ጳውሎስን፣ ዋናው ተናጋሪ እሱ ስለነበረ፣ ሄርሜን አሉት። ድያ ዜውስ ነው፤ ሄርሜን ሄርሜስ ነው። የድሮው የእንግሊዝ ንጉሥ ጄምስ ትርጉም እዚያው ጥቅስ ላይ ጁፒተርና ሜርኩሪየስ ይላል። እንግሊዞቹ ሮማን ተከተሉ፤ የእኛው ትርጉም ግን ግሪኩን ይዞ ቀረ። ምዕራፍ 17 ላይ ያለው አርዮስፋጎስም የአሬስ ኮረብታ ነው። አሬስ ደግሞ የግሪኮቹ ማርስ ነው፤ ቻርቱም “አሪስ” ብሎ ጽፎታል። ስንት ዓመት በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ የሰማሁት ስም ክፍሌ ግድግዳ ላይ መጣ።

ሦስተኛው አክሱም ነው። የዔዛና ድንጋይ ላይ ያው ወሬ በግሪክና በግእዝ ተጽፏል። ግእዙ የንጉሡን አምላክ መሕረም ይለዋል። ግሪኩ እዚያው ቦታ ላይ አሬስ ይላል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱም ጸሐፊ ተቀምጦ “የእኛ መሕረም በእነሱ ቋንቋ ማን ይባላል?” ብሎ አስቧል ማለት ነው። ይሄ ቻርት የሚሠራውን ሥራ ያኔ ሠርቶታል። ከዚያም የቀደመ አለ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል መንገደኛ የአክሱም ወደብ በነበረችው አዱሊስ ላይ አንድ የቆየ የግሪክ ጽሑፍ ገልብጧል። ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ ያስቀረጸው ነው። ንጉሡ ለዜውስ፣ ለአሬስ እና በባሕር ለሚጓዙት ሲል ለፖሲዶን መሥዋዕት ማቅረቡን ይናገራል። ጁፒተር፣ ማርስና ኔፕቲዩን ናቸው። ሦስቱም በእኛ ባሕር ዳርቻ ላይ ተጠርተዋል። ይሄ ሁሉ እያለ “ከእንግሊዝኛ የተወሰደ” ብቻ ማለት ልክ አይደለም።

ይሄን ሁሉ ለጋሼ ነገርኳቸው። አንዳንድ ሱቅ ውስጥ ስለ ስሕተት ስታወራ ሰው ፊቱን ያጠቁርብሃል። እሳቸው ሻይ አዘዙልኝ። ቻርቱን ያሳተሙት እሳቸው አይደሉም፤ ከአከፋፋይ ነው የሚቀበሉት። አሳታሚውም ስሙንም ሆነ አድራሻውን ቻርቱ ላይ አላሰፈረም። እርማት ላድርስ ብትሉ ለማን እንደምታደርሱ አታውቁም። ይሄን እንደ ጉድለት ጻፉልኝ። ጋሼ ግን “እኔ ስቲከር አትማለሁ። አንቺ ጽሑፉን ጻፊልኝ” አሉ። ጻፍኩ። ለአማርኛው ዓምድ ልክ የሆነ ቀጭን ስቲከር ወጣ። አምስቱ ጥንታዊ ስሞች፣ ድያና ሄርሜን፣ ዐስተርና መሕረም፣ በከልቻም ገብተውበታል። ቻርቱን ለሚገዛ በነፃ ነው የሚሰጡት። ለእኔም ለጽሑፉ ሁለተኛ ቻርት በነፃ ሰጡኝ፤ ለጎረቤት ክፍል ሰቀልነው።

ስለ ዕቃው ራሱ ብዙ የምለው የለም። ሸራው ጠንካራ ነው። አራት ማዕዘኑ ላይ የብረት ቀለበት አለው፤ በሚስማርም በገመድም ይሰቀላል። መጀመሪያ ሲፈታ የቀለም ሽታው ይከብዳል፤ መስኮት ከፍታችሁ አሳድሩት። ስሞቹ ከኋላ ወንበር ይነበባሉ፤ ከሥራቸው ያሉት ማብራሪያዎች ግን አይነበቡም። የፕላኔቶቹ መጠን ልክ አይደለም፤ ጁፒተርን ከመሬት ጥቂት ብቻ ከፍ አድርገውታል። ለመጠን ሌላ ቻርት ግዙ። ይሄ የስም ቻርት ነው። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። የሐምራዊው ቀለም የመጽናት ነገር አላማረኝም።

ከታች በስተቀኝ ትንሽ የከዋክብት ሥዕል አለ። የሰሜኑ ሰማይ ነው። ካሲዮፔያና አንድሮሜዳ ይታያሉ። በግሪክ ተረት ካሲዮፔያ የኢትዮጵያ ንግሥት ናት፤ አንድሮሜዳ ልጇ ናት። የግሪኮቹ “ኢትዮጵያ” የዛሬዋን አገራችንን በልክ የሚያመለክት አይደለም፤ ስሙ ግን ስማችን ነው። በኅዳር መጨረሻ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ብትመለከቱ ካሲዮፔያን በጋራው አናት ላይ ታገኟታላችሁ። አንድሮሜዳ ከእሷ ከፍ ብላ ነው። እዚያ አንድሮሜዳ ውስጥ በዓይን የማትታይ አንዲት ኮከብ አለች። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰየም ሰጥቶ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሰችው እሷ ናት። ኮከቧ ቡና ተባለች። የምትዞራት ፕላኔት አቦል ተባለች። ዓለም ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው። በአማርኛ የወጣ ስም ነው፤ ከማንም አልተወሰደም። ይሄን የሚያክል ነገር ከቻርቱ ላይ መቅረት አልነበረበትም። ጋሼ ለአከፋፋዩ ነግረው ለሚቀጥለው ኅትመት እንደሚያስገቡት ተስፋ አለኝ። የኦሮምኛና የትግርኛ ዓምድም እንዲጨመር ጠይቄያለሁ።

ሱቁ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ ቅዳሜ እስከ 8 ሰዓት ክፍት ነው። ከሦስት በላይ ለሚገዛ በ420 ብር ይሰጣሉ፤ ቴሌብርም ይቀበላሉ። ጋሼ ከፎቶ ኮፒው ማሽን አጠገብ ሰማያዊ ደብተር አስቀምጠዋል። በእናንተ አካባቢ የንጋቱ ኮከብ፣ ወይም ሌላ በዓይን የሚታይ ፕላኔት፣ የራሱ ስም ካለው እዚያ ጻፉላቸው። ስሙን፣ ቋንቋውን፣ ከማን እንደሰማችሁት። ሲዳምኛ፣ ጉራጊኛ፣ አፋርኛ፣ ሶማልኛ ገና ባዶ ናቸው።